የሉሉ አራስ ቤት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰሚራ ድመታችንን በክንዷ አቅፋ በሩ ላይ ቆመችና፣ "ዩማ፣ ተዕቂም እናስደርጋት" አለችኝ። ዩማ ማለት እማ ነው፤ ተዕቂም የሚሉት ደግሞ እዚህ ማህፀን አውጥቶ ማምከኑን ነው። ጦርነቱ ጋብ ብሎ ካርቱም ዳር ወዳለው ሰፈራችን ወደ ሶባ ከተመለስን ወዲህ የድመቱ ነገር ከልክ አልፏል። ሰው ጥሎት የሸሸው ቤት ሁሉ የድመት ሆኖ ነው የቆየው። በየፍርስራሹ ይወልዳሉ፤ ግልገሎቹ ጠዋት መንገድ ዳር ደርቀው ይገኛሉ። የእኛዋም ደጋግማ ወልዳ አንድም አልተረፈላት። አሁን አንድ የእንስሳት ሐኪም ከጥቂት ወጣቶች ጋር በየሰፈሩ እየዞረ ያመክናል፣ ወደ እኛም ሊመጣ ነው አለችኝ።

ነገሩ ትክክል መሆኑን አውቃለሁ። አፌ ግን እሺ አላለም። ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ትሪውን ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩ መልቀሜን ቀጠልኩ። በልጅነቴ የሠራሁበት፣ አል-ማንሺያ በሚባለው የካርቱም ሰፈር የነበረው ቤት መጥቶብኝ ነበር።

ከከሚሴ ወጥቼ ካርቱም ስገባ ዕድሜዬ ከአሁኗ ሰሚራ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሲት ሰልዋ የምትባል ሴት ቀጠረችኝ። ቤታቸው ለአባይ ቅርብ ስለነበር ነፋስ ሲመጣ የጭቃና የዓሣ ሽታ ይዞ ይገባል። ሥራዬ አሮጊት እናቷን መጠበቅ ነበር። ሱዳኖች አያትን ሀቡባ ይላሉ፤ እኔም ሀቡባ እላቸው ነበር። እግራቸው ስለደከመ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ፣ በገመድ በተጠለፈ አልጋ ተጋድመው ይውላሉ። ሰው ብዙ አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሉሉን ነበር።

ሉሉ አንድ ጆሮዋ ብቻ የጠቆረ ነጭ ድመት ናት። ስትፈልግ ደረታቸው ላይ ወጥታ ትተኛለች፤ ሳትፈልግ አጥሩን ዘላ ትጠፋለች። ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን ደግሞ መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ ትጮሃለች፤ የሰፈሩ ወንድ ድመት ሁሉ አጥሩ ላይ ይሰለፋል። ጎረቤት ይማረራል፣ ሲት ሰልዋ ታፍራለች። ሀቡባ ግን ጥርስ በሌለው አፋቸው እየሳቁ፣ "ጩሂ ልጄ፣ ጩሂ፣ ማን ይከለክልሻል" ይሏት ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ሲት ሰልዋ መረራት። ድልድዩን ተሻግሮ ካለ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘች፤ እኔ ሉሉን በቅርጫት ይዤ አብሬያት ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የከብት ሐኪም እንጂ የድመት ሐኪም መኖሩን አላውቅም ነበር። ስንመለስ ሰማዩ በአቧራ ቀልቷል። ሉሉ ዓይኗ ፈጦ፣ ሆዷ ተላጭቶና ተሰፍቶ፣ እንደ ጨርቅ ተዘርግታለች። ሲት ሰልዋ መኪና ውስጥ ሐኪሙ ያላትን አስረዳችኝ። ማህፀኗና እንቁላል የሚያፈራው ነገር ወጥቷል፤ የሚያስጮሃት ሆርሞን ግን ከደሟ እስኪጠፋ ጥቂት ይቆያል። እስከዚያ ጸባይዋ ይለዋወጣል፣ ትደበቃለች፣ ትቆጣለች። ኋላ ትረጋጋለች፤ ያኔ መብላት ስለምታበዛ እንዳትወፍር ጠብቂያት አለችኝ።

ሀቡባ ቅርጫቱን ገና እንዳዩ፣ "ደሟ ሳይደርቅ ወንዝ አሻገራችኋት?" አሉ።

በእሳቸው ልማድ አራስ ወንዝ አትሻገርም፤ ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ሰውም በቀጥታ አራስ ያለችበት አይገባም። ይህ ከተጣሰ የአራሷ ወተት ይደርቃል፣ ጸባይዋም ይገለበጣል ይላሉ።

"ዩማ፣ ድመት እኮ ናት፤ ደግሞም አልወለደችም" አለች ሲት ሰልዋ።

"ማህፀኗ ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም?"

"ተከፍቷል።"

"እንግዲያው አራስ ናት" አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ ከሀቡባ ጋር ነበርኩ። እኛም አገር አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ደጅ ውሎ የመጣ እግር ሁሉ አይገባባትም። ማህፀን ከተከፈተ ልጅ ባይኖርም የአራስነት አርባ ቀኑ መቆጠር አለበት ማለት ለእኔ እብደት አልመሰለኝም። ከአልጋው አጠገብ ለሉሉ አሮጌ ምንጣፍ አነጠፍኩላት። በሀቡባ ትእዛዝ እግሯ ላይ ቀይ ክር አሰርኩላት፤ ክሩ የአራስ መጠበቂያቸው ነው። በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ጎንደሬ ነበር። ይህን ሲያይ፣ "ዘይነባ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልበላት ወይስ ለእስላም ድመት ሌላ ምርቃት አለ? ገንፎውስ መቼ ነው?" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ገንፎ ባይሆንም አጥሚት ነበር። ሲት ሰልዋ ሥራ ስትሄድ ሀቡባ ለአራሶቻቸው የሚያጠጡትን የአብሽ መዲዳ ያሠሩኛል፤ ላዩ ላይ ቅቤ ይንሳፈፍበታል። ሉሉ አብሹን ትታ ቅቤውን ትልሳለች። ሀቡባን ግን ጨርሶ አላስጠጋ አለች። እጃቸውን ሲዘረጉ ጆሮዋን አጣጥፋ ፍፍ ትልባቸዋለች፤ ከቁም ሣጥን ሥር ገብታም ትውላለች። በዚያው ሰሞን ሐኪሙ እንዳለው የድሮውን ጩኸት ጮኸች፤ ወንዶቹም አጥሩ ላይ ተመለሱ። ሀቡባ ያን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። "አልወሰዱባትም" አሉ። ቀን እየገፋ ጩኸቱ ሲቀንስ፣ ሲቀንስ፣ ጭራሹን ሲጠፋ፣ እሳቸውም አብረው ዝም አሉ።

ከዚያ ቅቤው ዋጋውን አስከፈለን። ሉሉ አስመለሳት፤ ለማስመለስ ስትታገል ስፌቱ ተለጥጦ ቀላና አበጠ። ሲት ሰልዋ ቀይ ክሩን በመቀስ ቆረጠችው። ድመቷን ላይኛው ፎቅ ወስዳ ቆለፈችባት፤ እኔንም፣ "እናቴን ታዘዢ እንጂ እብደቷን ታዘዢ አላልኩሽም" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀቡባ ምግብ ተዉ። ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውን በወጥ አቀርባለሁ፣ ይደርቃል። ለስላሳ የቴምር ገንፎ አሞቃለሁ፣ ይቀዘቅዛል። ጉንጫቸው እየጎደለ ሲሄድ ለራሴም ፈራሁ። እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ የሚጠየቀው ማን ነው? ወረቀት የሌላት የሐበሻ ልጅ አይደለችም?

አንድ ከሰዓት በኋላ እግራቸውን በዘይት እያሸሁ ለመንኳቸው። ሀቡባ፣ ለእኔ ሲሉ አንድ ጉርሻ፣ አልኳቸው። ጉርሻውን አልፈለጉትም፤ ማውራት ግን ጀመሩ። ከሰልዋ በኋላ አንድ ልጅ አርግዘው ነበር። ሞቶ ተወለደ፤ ደማቸው አልቆም ስላለ ሐኪም ቤት አስተኟቸው። ነቅተው ቤት ሲገቡ በሽታው ወጥቶልሻል ብቻ ተባሉ። ማህፀናቸው መውጣቱን የነገራቸው ሰው የለም። በዓመቱ ዳግም አረግዛለሁ ብለው ሲጠብቁ ነው አንዲት ጎረቤት ያረዳቻቸው።

"ልጅ ስላልነበረ አራስም አልተባልኩም" አሉኝ። "መዲዳ የለም፣ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው የለም። በማግስቱ ዱቄት አስፈጩኝ። ቢቲ፣ ለዚች ድመት ማንም ሰው አርባዋን አልተቀመጠላትም ብለሽ እንዳትነግሪኝ።"

ቢቲ ማለት ልጄ ማለት ነው።

ያን ቀን ሲት ሰልዋ ከሥራ ስትመለስ ማድ ቤት ጠበቅኳት። በተሰባበረ አረብኛዬ፣ እናትሽ ልጃቸው የሞተ ጊዜ አርባቸውን የተቀመጠላቸው ሰው አልነበረም፣ አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ወይ ታባርረኛለች ወይ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ማን ነገረሽ?" ብቻ አለች። መልሴን ሳትሰማ ደረጃውን ወጣች። ሉሉን በፎጣ ጠቅልላ አወረደቻትና ከሀቡባ አልጋ ጠርዝ ተቀመጠች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ። ማታ ሳህኑን ሳነሳ ግማሹ ተበልቶ ነበር። ያን አርባ እስኪያልቅ ሲት ሰልዋ ከሥራ ስትመጣ እግሯን ታጥባ መጀመሪያ እዚያው ትሄድ ነበር፤ ቅቤ ግን አልፈቀደችም።

ዝናቡ ሲገባ ስፌቱ ዳነ። ሉሉ ወደ ሀቡባ ተመለሰች፤ ፍፍታውም ቀረ። ግን የድሮዋ ሉሉ አልነበረችም። አጥር አትዘልም፣ አትጮህም። ትበላለች፣ ወፍራለች፣ ሀቡባ ጭን ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ትቀመጣለች። ሀቡባ ከመጀመሪያው የሚመኙት ይህንኑ አይደለም እንዴ እል ነበር። ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች ሁሉ፣ ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ጥሩ ድመት ሆነች ይላሉ። አንድ ቀን እንዲሁ ብለው ሲወጡ፣ ሀቡባ የሉሉን ጀርባ እየዳበሱ ቀስ ብለው፣ "አደብ ገዛች ይላሉ" አሉኝ። "እኔንም ያኔ እንዲህ ነበር ያሉኝ።"

ሲት ሰልዋ አላጠፋችም። ሉሉም በየጊዜው ከማርገዝና ከመውለድ አረፈች፤ ምናልባትም ያ ጭን ተመችቷት ይሆናል። ድመት አይናገርም። ሀቡባ ግን ተናግረዋል፤ እኔ ነኝ የሰማኋቸው።

ሰሚራን እሺ አልኳት። አብሬ እሄዳለሁ፣ ስፌቱን እንዳትልሰው እጠብቃለሁ፣ ጸባይዋ ቢለወጥ እንዳትከፊባት፣ ቅባት እንዳትሰጫት፣ ብዙ ነገር አልኳት። "ዩማ፣ ዶክተር ሆንሽ እንዴ" ብላ ሳቀችብኝ።

ትናንት ደግሞ መንገድ ላይ ልጆች ድመቷን በድንጋይ ሲያባርሩ አየችና እየጮኸች ወጣች። ድምፅዋ እስከ ሰፈሩ መጨረሻ ይሰማል። መንገዱ ጫፍ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቆመዋል፤ የሴት ልጅ ጩኸት በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ ያውቃል። ድምፅሽን ቀንሺ ልላት ተነሳሁ፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሀቡባ "ጩሂ ልጄ፣ ጩሂ" ግን ቀደመብኝ። ነጠላዬን ጣል አደረግኩና ወጣሁ፤ ሳልከለክላት ከጎኗ ቆምኩ።