ሁልጊዜ «ደርሷል» የሚባልለት አውቶቡስ

መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ጥንቅቅ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ ለሙገሳም ለአሽሙርም የወጣላት ነው፤ የሻይ ኩባያዋን እጀታ እንኳ ወደ አንድ አቅጣጫ ሳታዞር ሥራ አትጀምርም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ሆና ዓመታት ከሠራች በኋላ፣ ልጇን ጡት ካስጣለች ወዲያ ነው ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው። አሁን በየፌርማታው የተሰቀሉት ሰሌዳዎች፣ እነዚያ «ቀጣዩ አውቶቡስ በ7 ደቂቃ ይደርሳል» የሚሉት፣ የሚሠሩት እሷ በጻፈችው ፕሮግራም ነው። በዚህ ትኮራለች፤ መኩራትም ያምርባታል።

ባሏ ደግሞ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪው «ባለፉጨቱ» ይለዋል፤ መሪ ጨብጦ ካላፏጨ መንገዱ አይገፋለትም። አውቶቡሱ ከቀሩት ጥቂት አሮጌዎች አንዱ ነው። በሩ ሲከፈት ያቃስታል፤ እሱ ግን በአዲስ አልቀይርም ብሎ ሙጭጭ ብሎበታል።

ሰሌዳዎቹ ከተሰቀሉ ወዲህ ፉጨቱ ጠፋ። አንድ አርብ ራት ላይ ትከሻውን ጥሎ ተቀመጠና፣

«ሰኞ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ» አላት። «ወደ ጋራዥ ያዛውረኝ። መኪና ማጠብም ቢሆን ይሻለኛል።»

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ያቺ ልብስ ሰፊዋ የለችም? ያቺ እንደ እናቴ የማያት ሴትዮ። ዛሬ በሰው ፊት አዋረደችኝ። ‹ሰሌዳው ደርሷል ብሎኝ ስፌቴን ጥዬ ሮጥኩ፤ አንተ የት ተጎልተህ ነበር?› አለችኝ። መንገድ ላይ ነበርኩ እኮ! ሌሎቹን በትክክል ይናገራል፤ የእኔ ሲሆን ሁልጊዜ ‹ደርሷል› ነው የሚለው።»

ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ። ሁለት ወር ሙሉ ሲያማርር ሰምታዋለች፤ የተሳፋሪ ነገር ነው እያለች አልፋዋለች። «ሁልጊዜ» የምትለዋ ቃል ግን ክው አደረገቻት። ሰው ሲሳሳት አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሚሳሳተው ፕሮግራም ነው። ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ገብታ ከአውቶቡሶቹ የሚመጣውን መረጃ ጥሬውን ከፍታ አየችው። መረጃው የሚመጣው ጄሰን በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች መረጃ በሚለዋወጡበት አጻጻፍ ነው። የአዲሶቹ አውቶቡሶች መሣሪያ ደቂቃውን በቁጥር ይልካል፤ 7 ብሎ። የአሮጌዎቹ ግን ያንኑ 7 በትእምርተ ጥቅስ ጠቅልሎ እንደ ጽሑፍ ይልከዋል፤ ድልድይ ሥር ሲገቡ ደግሞ ያሉበት ስለሚጠፋው ባዶ ጥቅስ ብቻ ይልካል። ፕሮግራሟ የተጻፈበት ጎ የሚባለው ቋንቋ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ቁጥር ይመጣል ካሉት ጽሑፍ አይቀበልም፤ «ይሄ ቁጥር አይደለም» ብሎ ስህተቱን ይናገርና ቦታውን ዜሮ እንደሆነ ይተወዋል። ዜሮ ደቂቃ ማለት ደግሞ ለሰሌዳው «ደርሷል» ማለት ነው።

ታዲያ ስህተቱ ሲነገር እሷ የት ነበረች? እዚያው ነበረች። የሰሌዳዎቹ ምረቃ ቀን ደርሶ ሲያጣድፏት፣ ስህተቱ የሚመጣበት ቦታ ላይ አንዲት የግርጌ ሰረዝ አስቀምጣ አልፋለች፤ በዚያ ቋንቋ «አልሰማህም» እንደማለት ነው። ጥንቅቅ ተብዬዋ!

አጠገቧ የሚሠራው ጎልማሳ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «የአውቶቡስ ድርጅቱ መሣሪያውን ያስተካክል እንጂ እኛ ምን አገባን? ጻፊላቸው» አላት።

«እነሱ እስኪያነቡት ባሌ መኪና ያጥባላ!»

ሰውየው ነገሩ ስላልገባው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሷ ደቂቃውን ብቻ የሚቀበል አዲስ የመረጃ ዓይነት ሠራች። ቁጥር ሲመጣ እንዳለ ይቀበላል፤ ጽሑፍ ሲመጣ ጥቅሱን ገልጦ ውስጡን ያያል፤ ቁጥር ካገኘ ይወስዳል። ባዶው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ባዶን ምን ትበለው?

«የመጨረሻውን ቁጥር ድገሚው» አላት ጎልማሳው። «ሰሌዳ አላውቅም ሲል ሰው ይስቅብናል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ከዚያ ስፌቷን ጥላ የምትሮጠው ሴትዮ ታወሰቻት። ሰሌዳው አላውቅም ቢላት ኖሮ ባልሮጠች፣ ሹፌሩንም ባልሰደበችው። ባዶ ሲመጣ «አይታወቅም» እንዲል አድርጋ ጻፈች፤ ሰረዟንም አነሳቻት።

እሁድ ምሳ ላይ እንደምንም ብላ ተነፈሰች። «ያሰደብኩህ እኔ ነኝ» አለችውና ሁሉንም ነገረችው።

እጁን ከምግቡ ሰበሰበ።

«ሁለት ወር ሙሉ ሰው አፍ ውስጥ የከተተችኝ የገዛ ሚስቴ ናት?» አለና ተነስቶ ሳህኖቹን እያንኳኳ ማጠብ ጀመረ።

«አባዬ፣ ይሰበራል!» አለች ልጃቸው። ሚስቱ ሰኞ ለአለቃው ስለሚነግረው ነገር መጠየቅ ፈልጋ ነበር፤ ፈራች።

ሰኞ ጠዋት ፌርማታው ላይ ቆመች። ልብስ ሰፊዋም ከሱቋ ብቅ ብላ ሰሌዳውን አንጋጣ አየች። «አይታወቅም» ይላል።

«አይ፣ ካላወቀስ እንዲህ ብሎ መናገር ነው!» አለችና አግዳሚው ላይ ተደላድላ ቁልፍ የሚተከልለትን ሸሚዝ ከቦርሳዋ አወጣች። ጥቂት ቆይቶ ሰሌዳው «በ4 ደቂቃ ይደርሳል» አለ። ሴትዮዋ ቁልፉን ተክላ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ፣ አሮጌው በር እያቃሰተ ተከፈተ።

«እንደምን አደርክ ልጄ?» አለችው።

ስድብ ሲጠብቅ የነበረው ሹፌር ግራ ገባው። «ደህና... ደህና አደሩ እማማ?»

ጥንቅቅ ተከትላት ገባችና መሪው አጠገብ ቆመች። «ታዲያ ዛሬ አለቃህን ምን ልትለው ነው?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ባለፉጨቱ ዞሮ አላያትም። ከራሱ በላይ የተለጠፈውን «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በአውራ ጣቱ አሳያትና ማርሽ አስገባ። ገና ማዞሪያው ጋ ሳይደርሱ ማፏጨት ጀመረ።