ሁለት ስም ያላት ፒካፕ

የእናቴ ታናሽ ወንድም ፉሪ ውስጥ መኪና ይጠግናል። ልቡ ያለው ግን የአሜሪካ መኪና ላይ ነው። ከተጣሉ ሁለት አሮጌ ፒካፖች አንዲት የምትሄድ ሠርቶ ነበር፤ ከፊት የአንዷ አርማ፣ ከኋላ የሌላዋ። ሰው ሲስቅበት «አንድ ፋብሪካ እኮ ነው የወለዳቸው! ስማቸው ይለያል እንጂ አጥንታቸው አንድ ነው» ይላል።

የሠርጌ ዕለት ጠዋት ዝናቡ ቢያባራም ሰፈሩ ጭቃ ሆኗል። የተከራየናት ነጭ መኪና በራችን ሳትደርስ ተቀረቀረች። ሚዜዎቼ በታኮ ጫማ ሊገፉ ወረዱ። ሾፌሩ «ኧረ ልብሳችሁ!» እያለ ይለምናል። እኔ በረንዳ ላይ ቬሎዬን ሰብስቤ እንባዬ ቀርቧል።

አጎቴ በሙሉ ሱፍና ከረባት ፒካፗን እያስጓራ ከተፍ አለ። የነጯን መኪና አበባ ነቅሎ ለጠፈባት።

«ግቢ» አለኝ።

«ጋሼ፣ በዚህ?»

«ታዲያ በእግርሽ ልትሄጂ ነው?»

በሯ ከፍ ያለ ስለሆነ እናቴ ዱካ አመጣችልኝ፤ ሁለት ሰው ከታች ገፋኝ። ሚዜዎቼና የመዘምራን ጓደኞቼ ከኋላ ጭነት መጫኛው ላይ ቆመው መዝሙር ጀመሩ። ጭቃውን ሰንጥቃ ስትወጣ ሳቄ መጣ። ኩሌ እስኪወርድ ሳቅሁ።

መካኒሳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ የባሌ አባት የፊቱን አርማ አነበቡ፤ ዞረው የኋላውን አነበቡ።

«ለመሆኑ የዚህች መኪና ስም ማን ነው?»

«ስትመጣ አንድ ነው አባባ፣ ስትሄድ ሌላ» አለ አጎቴ።

ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ፓስተሩም ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ነው ያጋቡን።

ስንወጣ ባሌ የመኪናዋን ውስጥ አልፈለገም። ዘሎ ኋላ ወጣና እኔንም ጎትቶ አወጣኝ። ቆመን ወደ አዳራሹ ስንሄድ መንገዱ ተዘጋጋና መኪናዋ ቆመች። አንዲት ዘንቢል የያዙ እናት ታክሲ መስለናቸው ጠጋ ብለው ሽቅብ አዩን።

«ነፋስ ስልክ ናችሁ?»

«ነን፤ ይውጡ እማማ!» አለ ባሌ።

እውነትም ወጡ። እልል እያሉ አዳራሹ ድረስ መጡ፣ በሉ፣ ጨፈሩ። ኬኩን ስንቆርጥ በመሃላችን ቆመው የባሌን እጅ ይዘው ነበር። አማቶቼ የእኛ ወገን፣ የእኛዎቹም የእነሱ ወገን መስለዋቸው ማንም ማንነታቸውን አልጠየቀም።