በምርመራው ዋዜማ የጠጣሁት ኮሶ

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን ጎንደርን ለቆ ከወጣ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁም። ዛሬም ሐኪም ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ሲያስቀምጥ ንዴቴ ይመጣል።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አገራችን ከዳባት ወዲያ ደጋው ላይ ነው። አባቴ በጣሊያን ጊዜ ስለሞተ ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም አያ ተገኘ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን እኔ የማላውቀው ነገር የለም ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሲወድህ ይብሳል።

በዚያ ዓመት ጎንደር ከተማ ወታደር ይመለመላል የሚል ወሬ መጣ። ደመወዝ አለው፣ ልብስና ጫማ አለው። ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ አትጠገብ ነበረች። አትጠገብ የታጨችልኝ ልጅ ናት። አባቷ የመሬታችንን ማነስ አይቶ ሲያመነታ ቆይቶ ነበርና ወሬውን ሲሰማ፣ «ወታደር ከሆነ ለጥር እድርለታለሁ፤ ካልሆነ ግን ልጄን አስሬ አላስቀምጥም» አለ። ስለዚህ ጎንደር የሄድኩት ለወታደርነት ብቻ አልነበረም።

ቀድመውን ሄደው የተመለሱ ልጆች ሌላ ወሬ ይዘው መጡ። «ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። ራቁትህን ያቆምሃል። ጥርስህን እንደ በቅሎ ያያል። ዓይነ ምድርህን ሳይቀር በመነጽር ይመረምራል፤ ትል ካገኘብህ ጣለህ ማለት ነው» አሉ። አያ ተገኘ ይህን ሲሰማ ጭኑን በጥፊ መታ።

«ምነው ታዲያ ይኼ ያስጨንቃችኋል? ኮሶ ነዋ!» አለ።

በእኛ አገር ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣል። የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ሆድን ጠርጎ ትሉን ያወጣል። ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ቤቱ ይተኛል፤ ሥራ አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አያ ተገኘ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ምርመራው ሰኞ ነው፣ እሑድ ቢጠጣ ይደርሳል ብሎ አሰበ።

ቅዳሜ በጭነት ማኪና ጎንደር ገባን፤ አራዳ አንዲት ዘመዳችን ቤት አደርን። እሑድ ጧት አያ ተገኘ ኮሶውን በትልቅ ቅል በጥብጦ አመጣ። እኔ የለመድኩት በዋንጫ ነው።

«አያ፣ ይኼ አልበዛም?» አልኩት።

«ለሐኪም ነው እንጂ ለቤት መሰለህ? አንዲት ትል ቀረች ማለት አትጠገብ ቀረች ማለት ነው። አፍንጫህን ያዝና ጠጣ፣ ልጄ።»

አፍንጫዬን ይዤ ጠጣሁ። የኮሶን ምሬት የቀመሰ ያውቀዋል። ፀሐይዋ ሞቅ ሳትል ሆዴ ተገለባበጠ። ቀኑን ሙሉ ከቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ቤት ስመላለስ ዋልኩ፤ ወደ ማታ መመላለሱም አቃተኝና እዚያው ጓሮ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ዘመዳችን አዝናልኝ ፍትፍት ይዛ ስትመጣ አያ ተገኘ መለሳት። «ነገ ይመረመራል፤ ባዶ ሆዱን ይደር። የበላው ነገር ትል መስሎ ቢታይበትስ?» አላት። ውሃ እንኳ የሰጠችኝ ከእሱ ተደብቃ ነው።

ሰኞ ጧት ወደ ምልመላው ግቢ ሄድን። አያ ተገኘ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። እኛን ልብሳችንን አስወልቀው በብርዱ አሰለፉን። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ሁላችንም እጃችንን ወደ ታች እናወርዳለን፤ ዘበኞቹ ይህን ጠብቀው «እጅ ወደ ላይ!» ይሉና ይሥቃሉ። ካልሣቁ ቀኑ የማይመሽላቸው ሰዎች ነበሩ።

ሐኪሙ ረዥም ፈረንጅ ነው። የሰው ፊት አያይም፤ የሚያየው ደረት፣ ጥርስ፣ እግር ነው። አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ ግን የአገራችን ሰው፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ከተሜ ነበር። ስድቡም ግልምጫውም የሚመጣው ከእሱ ነው። ሰው ተክቶ የሚያስመረምር አጭበርባሪ ስለነበረ፣ ሐኪሙ የወሰነውን አስተርጓሚው በእያንዳንዱ ሰው ደረት ላይ በቀለም ምልክት ያደርግበታል። ላለፈ ክብ፣ ለወደቀ መስቀል ነው።

ተራዬ ደረሰ። አስተርጓሚው ጠየቀኝ።

«ከዚህ በፊት ታመህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አሁንስ የሚያምህ ነገር አለ?»

«የለም።»

«በዚህ ሰሞን የወሰድከው መድኃኒት አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።»

አልዋሸሁም። መድኃኒት የሚወስደው የታመመ ሰው ነው። ኮሶ ግን ጤነኛው ሁሉ የሚጠጣው ነው፤ መኳንንቱም ይጠጣል፣ ገበሬውም ይጠጣል። ጥርሱን የፋቀ ሰው መድኃኒት ወስጃለሁ ይላል እንዴ? ሐኪሙ መልሴ ሲተረጎምለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ በእኔ ላይ ያየውን ሁሉ የለካው በዚያች «የለም» ነው።

ደረቴን አዳመጠ። ፊቱን አጨማደደና እንደገና አዳመጠ። ግቢውን ዙር አሉኝ፤ ሮጥኩ። የመጀመሪያውን ዙር እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። በሁለተኛው መሬት ላይ ተዘረርኩ። ስነቃ ፊቴ ላይ ውሃ ተደፍቷል፤ ሐኪሙ ተንበርክኮ ያዳምጠኛል፤ ልቤ አንዴ ይጋልባል አንዴ ይጠፋል። ሰልፈኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል።

ፈረንጁ ጥቂት ተናገረ። አስተርጓሚው ከልቡ እየተደሰተ ተረጎመው።

«ልብህ ድኩም ነው። ለወታደርነት አትሆንም፤ ለእርሻም አትሆንም። ከባድ ነገር አታንሣ፣ አትሩጥ። ሚስትም ባታገባ ይሻልሃል» አለና መስቀሉን ደረቴ ላይ አሰመረው። ከኋላዬ የቆሙት ልጆች ሣቁ።

ልብሴን ስለብስ ጧት የሰጠሁት የዓይነ ምድር ውጤት መጣ። «ሆድህ ግን ሸጋ ነው! አንዲት ትል የለብህም» አለኝ አስተርጓሚው። በዚህኛው ዘበኞቹም ሣቁ።

ውጭ ለአያ ተገኘ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሆድህስ?» ብሎ ነው። «ንጹሕ ነው አሉ» አልኩት። «አላልኩህም!» አለና ፊቱ በራ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ገብቶት መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቀሰው። ቅንድቧን ልትኳል ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ የእኔን ግን ያጠፋልኝ ሌላ ሰው ነው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ አገር ገባ። የአትጠገብ አባት ሽማግሌ ልኮ ነገሩን አፈረሰ። «ሐኪም የጣለውን ልጅ እኔ ምን ላድርገው? ልጄን ለሬሳ አልድርም» አለ። በጥር ለሌላ ዳራት። ጎረቤት ነንና ብቀር ልቡ አልቻለም ይሉኛል ብዬ ሠርጉ ላይ ተገኘሁ። ሴቶቹ መኖሬን እያወቁ እንዲህ ብለው ዘፈኑ፤

ሐኪም የጣለውን ማን ያነሣዋል፣
ሠርጉ ሳያልቅ እኮ ተዝካር ይደርሰዋል።

ሰው አጨበጨበ። አትጠገብ ተሸፍና ነበርና ትሣቅ ታልቅስ አላየሁም።

በዓመቱ መልማዮቹ እንደገና መጡ። አትጠገብ ብትሄድም ስሜን ላጥበው ብዬ ተነሣሁ። ለማንም ሳልናገር፣ በደንብ በልቼ፣ ከዳባት ጎንደር በእግሬ ወረድኩ። አስተርጓሚው ያው ሰውዬ ነበር። ገና በሩ ላይ አወቀኝ።

«አንተ ያ የልብ በሽተኛው አይደለህም?»

«ድኛለሁ፣ ጌታዬ። ሮጬ ላሳይዎ።»

«ልብ እንደ እከክ የሚድን መሰለህ? አንዴ የወደቀ ወድቋል። እዚህ ሞተህ ልታስጠይቀን ነው?»

ሐኪሙ በበሩ በኩል ይታየኛል፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ደረቴን ቢነካው ይበቃኝ ነበር። ዘበኛው በዱላው ጫፍ ገፍትሮ አስወጣኝ። ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በእግሩ የመጣውን ሰው ልብህ ድኩም ነው ብለው በእግሩ መለሱት።

ከዚያ በኋላ አገሬ ውስጥ ሰው አልሆንኩም። አያ ተገኘ እርፍ አስጥሎ ቤት አስቀመጠኝ፤ ወንዱ ሲያርስ እኔ ከሴቶች ጋር እህል ስለቅም እውላለሁ። ሰው ሰድቦኝ ለጠብ ብነሣ፣ «ተዉት፣ ይሞትባችኋል» ይላሉ። ለወንድ ልጅ ከዚህ የከፋ ስድብ አላውቅም። ደፍረው የሚደበድቡኝ ቢገኙ እመርቃቸው ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ እኔም ማመኔ ነው። ዳገት ላይ እየቆምኩ ልቤን አዳምጠዋለሁ። ከዛሬ ነገ ቀጥ ይላል እያልኩ የወጣትነት ዘመኔን ጨረስኩት። ልጁን ሊሰጠኝ የሚፈልግ ሰውም አልተገኘም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ማጭድ እጄን ቆርጦኝ ጎንደር ለሕክምና ሄድኩ። ያከመኝ ወጣት የአገር ልጅ ነበር። ልቤ ድኩም መሆኑን አስቀድሜ ነገርኩት፤ መርፌው እንዳይገድለኝ ፈርቼ ነው። አዳመጠኝ። ደረጃ አስወጥቶ አስወርዶ ደግሞ አዳመጠኝ።

«ድኩም ነው ያለህ ማነው? ይኼ እኮ የበሬ ልብ ነው!» አለኝ።

ታሪኩን ከነኮሶው ነገርኩት። ሣቀ። እንባው እስኪወርድ ሣቀና ባልደረቦቹን ጠርቶ እንደገና አስተረከኝ። እነሱም ሣቁ። «ያን ያህል ኮሶ፣ በባዶ ሆድ? በቅሎም ብትሆን ትወድቃለች» አለ። ቀጥሎም፣ «ኮሶ ጠጥቻለሁ ብትለው እኮ ከሳምንት በኋላ ተመለስ ይልህ ነበር» አለኝ። ይህን ሲል አልሣቀም። አትጠገብን፣ እርሻዬን፣ ክብሬን ያጣሁት በአንድ ሳምንት ምክንያት ኖሯል።

አገር ተመልሼ ልቤ ደኅና ነው አልኩ። የሰማኝ የለም። «ፈረንጅ ያየውን ይኼ የትናንት ልጅ ያፈርሰዋል? እንዳይደነግጥ ብሎ ደብቆት ነው» ተባባሉ። አያ ተገኘ ብቻ አመነኝ። ሸምግሎ ነበር፤ ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ እጄን ያዘኝ።

«ድነሃላ! ታዲያ ማን አዳነህ? ያ ኮሶ ነው እንጂ!» አለኝ።

እጁን ስሜ መልሼ አስተኛሁት። ለሚሞት ሽማግሌ ገደልከኝ አይባልም።

ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ያሳደገኝ ነውና ቃሬዛውን ከፊት ልሸከም ብዬ ትከሻዬን ስሰጥ ሰዎቹ ክንዴን ይዘው ጎትተው አወጡኝ። «ምነው፣ በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ልታሸክመን ነው?» አለኝ አንዱ። ለቀስተኛው ፊት ነው ይህን ያለኝ። ወደ ኋላ መልሰው ከአልቃሾቹ ጋር አቆሙኝ። አያ ተገኘን ሌሎች ተሸክመውት ሄዱ፤ እኔ ባዶ ትከሻዬን ይዤ ተከተልኩ።

አሁን አርጅቻለሁ። ሐኪሙን እምብዛም አልጠላውም፤ ጠየቀኝ፣ የመሰለኝን መለስኩለት። አስተርጓሚውን ግን ይቅር በል ቢሉኝም አልቻልኩም፤ ንስሐ አባቴም ያውቁታል። አያ ተገኘን ሳስብ እናደድና ወዲያው አለቅሳለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ እስከ ዛሬ አቅቶኛል።

በዚያ ቀን ቃሬዛውን የተሸከሙት ጤነኞች ሁሉ አልቀዋል። ከመካከላቸው በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱም ነበሩ። የሁሉንም ቀብር ሄጃለሁ፤ አንዱንም አላሸከሙኝም።