የአያቴ የእግር መንገድ ፈተና

ለወርኃ ጽጌ እኔና አያቴ ከፍኖተ ሰላም ተነስተን ቡሬ ማዶ ወዳለው ገዳም በእግራችን ልንሄድ ቆርጠን ነበር። የቀረን የአባቴ ፈቃድ ብቻ ነበር። እሱም "እስኪ መጀመሪያ ገበያ ድረስ ስትሄዱ ልያችሁ" ብሎ ማለዳ ከኋላ ተከተለን።

የአያቴ ጉልበታቸው ብረት ነው፤ ችግሩ ሰላምታቸው ነው። ያገኙትን ሁሉ ከነከብቱ ይጠይቃሉ፤ "ላሚቱስ ወለደች?" የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቅ ባለ ቁጥር ደግሞ ቆመው ይሳለማሉ። መንገዱ ጠምዛዛ ስለሆነ ያው ጉልላት ደጋግሞ ብቅ ይላል! ስንደርስ ገበያው እየተበተነ ነበር።

"እማዬ፣ በዚህ አካሄድዎ የሚደርሱት ለከርሞ ጽጌ ነው" አለ አባቴ።

አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ እኔ ዞሩ። "ሰማሽ? መድረሳችንንስ አመነ! በይ፣ ነገውኑ እንነሳ።"

አባቴ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ቤት እንደደረስን ሳቁ ሳያልቅ በሶዬን ቋጠርኩ።