አጥሩ ያልተደለቀበት ማክሰኞ

እናቴ ጉልበቷ ከያዛት ወዲህ ከግቢ አትወጣም። ቤተ ክርስቲያኑም ለቅሶውም ቀርቶባታል። የቀራት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ውሃ መጠበቅ። እኛ ሰፈር፣ አዳማ፣ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ሰዓቱን ግን የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ የግቢውን ቧንቧ ትከፍትና ከሥሩ ሳፋ ደፍታ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ትላለች። መጀመሪያ የቧንቧው አየር ሽው ይላል። ጠብታው ሳፋውን ሲመታ ብድግ ብላ የቆርቆሮውን አጥር በዘነዘና ትደልቃለች፤ በግራም በቀኝም። ያኔ ጎረቤቱ ጄሪካኑን እያንኳኳ ሲሯሯጥ ይሰማል። "ይሄን ሰፈር የማጠጣው እኔ ነኝ" ትላለች። እኔ ደግሞ "አዋሽን ያመጣሽው አንቺ ነሽ እንዴ?" እያልኩ አበሽቃታለሁ።

ዋናው መስመራችን ግን አስቸገረን። ከመንገዱ ቆጣሪ እስከ ቤታችን የተዘረጋው የድሮ ብረት ነው፤ ውስጡን ዝገት ሞልቶት ሰፈሩ ሁሉ ሲቀዳ እኛ ጋ ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ባለሙያ ጠራሁ፤ ግቢውን አስቆፈርኩ፤ አዲስ የፕላስቲክ መስመር አስዘርግቼ ግቢ ካስቀመጥኩት የውሃ ታንከር፣ ከሮቶው ጋር በቀጥታ አስገጠምኩት። ከእንግዲህ ውሃው በመጣ ሰዓት ይምጣ፣ ሮቶው ራሱ ይሞላል። የግቢው ቧንቧ ታዲያ ምን ይሠራል? አስነቀልኩትና አፉን አስደፈንኩት።

"የሮቶ ውሃ በዚህ ፀሐይ ይፈላል እኮ" አለች እናቴ።

"እማዬ፣ በቃ አሁን አርፈሽ ተቀመጪ" አልኳት።

ተቀመጠች። አረፈች ግን አልልም። በርጩማዋን ወደ ቤት አስገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ምሳዋን ነካ አድርጋ ትተወዋለች። "ምን ሆንሽ?" ስላት "ምንም" ትለኛለች። የኔ እናት፣ አፏን የማታሳርፈዋ ሴትዮ፣ ምንም ስትል ያስፈራል። ጉልበቷ ነው ብዬ ቅባት ገዛሁላት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። የግራ ጎረቤታችን ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወተት በፔርሙዝ ይዛለች። ከኋላዋ የቀኟ ጎረቤታችን ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥላ ቆማለች።

"እማማን ምን ነካብን?" አለች የግራዋ። "ጠዋት ውሃው መጥቶ ሄደ አሉ፤ አጥሩ ግን ዝም አለ። እማማ ወድቀው ነው እንጂ አይረሱንም ብለን መጣን።"

ቤታቸው ያለው ጄሪካን ሁሉ ባዶ ነው። እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ምን እንደሚጠጡ ያነሳች አንዲት እንኳን የለችም። ሴት ልጇ ሆኜ አጠገቧ እየዋልኩ ያላየሁትን እነሱ በቆርቆሮ ዝምታ አወቁት።

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። "ደህና ነኝ፤ ቧንቧዬን ቀብረውብኝ ነው እንጂ" አለችና አለቀሰች። ጄሪካኖቻቸውን አምጥቼ ከሮቶው ሞላሁላቸው።

በማግስቱ ባለሙያውን መልሼ ጠራሁት።

"ሮቶ እያለሽ የግቢ ቧንቧ ምን ያደርግልሻል?" አለኝ።

"ለእማዬ ነው" አልኩት። መስመሩን ሮቶው ጋ ሳይደርስ ቆርጦ ለግቢው ቧንቧ ቅርንጫፍ አወጣ። እናቴ በርጩማዋን ይዛ ወጥታ ራሱ ላይ ቆመችበት። "ሳፋው እንዲገባ ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ልጄ። ኧረ ጠምሟል፣ አይታይህም?" እያለች ስትነዘንዘው ደስ አለኝ፤ ወሬኛዋ እናቴ ተመለሰችልኝ።

ቀጣዩ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ሆኜ ሳፋው ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ ዘነዘናው በግራም በቀኝም አጥሩን ደለቀው።

"ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልን እማማ" አለች የግራ ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ። "አሉልን?"

"አለሁ" አለች እናቴ። ከዚያ ወደ ቀኙ አጥር እያነከሰች ሄደችና ማንም ሳይጠይቃት ደገመችው፤ "አለሁ።"