የሙንሲፍ የግራ ጆሮ

እኛ ከተማ ወንድ ልጅ በበጋ ምሽት ያለ መሽሙም አይወጣም። መሽሙም ትንሽ የአበባ እስር ነው፣ ያልፈነዳ የጃስሚን እንቡጥ በሣር ዘንግ ላይ በቀይ ክር ታስሮ። ጆሮ ላይ እንደተሰካ ሲመሽ ይፈነዳል። ያገባ በቀኝ ጆሮው፣ ያላገባ በግራው ይሰካል። ሙንሲፍ መሽሙም ሠሪ ነው፣ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ አሁንም የሚሰካው በግራ ነው።

ምክንያቱን የማያውቅ የሰፈሩ ድመት ብቻ ነው፣ እሱም ስላልጠየቀ ነው። ዘፋኟ ዙሁር ገና ስሟ ሳይወጣ የሙንሲፍ እህት ሰርግ ላይ ዘፍና ነበር። ሙንሲፍ መሽሙም ሰጣት። አሽትታ ጆሮዋ ላይ ሰካችውና "እጅህ ይባረክ፣ አልረሳህም" አለችው። በቃ፣ ታሪኩ ይሄ ነው። ሰርግ ላይ ለማንም የሚባል ነገር ነው፣ ኩስኩሱን ለሠራችውም ሴትዮ ብላት ይሆናል። ሙንሲፍ ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረበት። ሁለት ጊዜ ሚስት ተገኘችለት፣ ሁለቴም "ዙሁር ብትሰማ ምን ትላለች?" ብሎ እምቢ አለ። ዙሁር በዚህ መሃል ሦስት ባል አግብታለች። ሙንሲፍ ምን ይላል ብላ አልጠየቀችም።

ዘንድሮ የከተማችን የበጋ ፌስቲቫል ኮሚቴ ዙሁርን አመጣ። አምና ያመጡልን ውሻ የሚያስጨፍር ሰውዬ ስለነበር እድገት ነው አልን።

"ዓሚ ሙንሲፍ፣ እንግዲህ ታውቅህ እንደሆነ እናያለን" አለው ባለካፌው ራድዋን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ዓሚ ማለት አጎቴ ነው፣ እኛ ጋ ሸምገል ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ይጠራል።

"ታውቀኛለች።"

"ያኔ እኮ ፀጉር ነበረህ።"

"የምታውቀው እጄን ነው። ሥራዬን ስታይ ታውቀኛለች።"

"ካላወቀችህስ?"

ሙንሲፍ መሽሙሙን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ካላወቀችኝ ከእንግዲህ ጆሮዬ ላይ አበባ አታዩም" አለ።

ባዶ ጆሮውን ከሚዞር መሽሙም ሠሪ ማን ይገዛል? ራድዋን እንኳን ትንሽ የደነገጠ መሰለኝ፣ ግን ወዲያው ሳቀ።

በዝግጅቱ ቀን ከአስር ሰዓት ጀምሮ ሄደን ተቀመጥን። እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፣ ሱቄን ዘግቼ የሄድኩት ለሙንሲፍ ውሃ ለመያዝ ነው። የፌስቲቫሉ ቦታ የድንጋይ ደረጃ ነው፣ ፀሐይ ሲጠብሰው ስለሚውል ሰው ሁሉ ትራስ ይዞ ይመጣል። ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች የተጋባዦች ናቸው። ተጋባዦቹ ዘግይተው መጡና ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ሙንሲፍ መሽሙሙን በእርጥብ የበለስ ቅጠል ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞታል። በዚያ መጠን የተሠራ አይቼ አላውቅም፣ መጥረጊያ ነበር የሚያህለው።

ዙሁር ወጣች። ሕዝቡ ጮኸ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሙንሲፍ ሰው እየገፋ ወረደ፣ እኔም ውሃዬን ይዤ ከኋላው። መድረኩ ሥር ደርሶ መሽሙሙን ከፍ አደረገ። እኛ ጋ መሽሙም የዘረጋላትን ሰው የምታልፍ ዘፋኝ የለችም፣ ነውር ነው። መጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ማይኩን ከአፏ አራቀችና ወደ ፊቱ ተጠግታ አንድ ነገር አለችው።

ዘፈኑ አልቆመም። ድምጿ ከስፒከሩ እንደ ጉድ ይንቆረቆራል፣ እንዲያውም ከፍ ያለው ቦታ ላይ ደርሷል።

"ስንት ዙሁር ነው ያመጡልን?" አለች ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ።

መጀመሪያ አንድ ትራስ ወደ መድረኩ በረረ። ከዚያ ስንቱን ልቁጠር። ዙሁር መሽሙሙን ሳታሸት ለጠባቂዋ አቀበለችው፣ እሱም ጆሮው ላይ ሰካው፣ በግራ። ጣቱ ላይ ያለውን የጋብቻ ቀለበት ከተቀመጥኩበትም ቢሆን አየው ነበር።

በማግስቱ ሙንሲፍ ካፌ መጣ፣ በግራ ጆሮው መሽሙም ሰክቷል።

"አወቀችኝ" አለ ገና ሳይቀመጥ። "'ሙንሲፍ፣ እጅህ እንዳለ ነው' አለችኝ።"

"እኛ ያየነው ጠባቂው ሲሰካው ነው" አለ ራድዋን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ አጠገቡ ነበርክ። ምን አለችው?"

ሁሉም አየኝ። ሙንሲፍ አላየኝም፣ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በጣቱ ይሰበስባል።

ሰምቻለሁ። ያለችው "ዓሚ፣ የስፒከሩን ገመድ ረግጠዋል፣ ወደ ኋላ ይበሉልኝ" ነው።

"እሱ እንዳለው ነው" አልኩ። "'እጅህ እንዳለ ነው' አለችው።"

ራድዋን ለሙንሲፍ ሻይ አመጣለት። በተቀዳ ዘፈን አገር ያታለለችው ዘፋኝ ላይ ትራስ የወረወረ ሰው ሁሉ ይሄንን ግን አመነ።

ውለታዬን ይቆጥርልኛል ብዬ ሙንሲፍን ቀና ብዬ አየሁት። ሻዩን ፉት አለና ራሱን ነቀነቀ።

"ግማሹን ነው የሰማኸው" አለኝ ቆጣ ብሎ። "'አልረሳሁህም' ያለችውን ለምን ተውከው? ሲመሰክሩ ሙሉውን ነው።"