የኦክቡን ቀስት የተሰበረበት ምክንያት

እትዬ ኦክቡን ጉንሳን ወደብ ላይ የዓሣ አጥማጆችን የሥራ ልብስ ስትጠግን ሠላሳ ዓመት ኖራለች። እኔ ከሱቋ ፊት ለፊት የኮምፒውተር መጫወቻ ቤት አለኝ። ባሏ የሞተ ጊዜ ታናሽ ወንድሟ ቾልጉ ብቻዋን ተቀምጣ እንዳትቆዝም ብሎ እኔ ቤት አመጣትና ጨዋታውን አስተማራት። እሷ ቀስተኛ ሆነች፤ እሱ ጋሻ ይዞ ከፊቷ ይቆማል። ዘንዶ እየገደሉ ዘመድ ያሙ ነበር።

ጨዋታው ውስጥ መሣሪያ ማጠንከሪያ የሚባል ቁልፍ አለ። ትጫነዋለህ፤ ከያዘ መሣሪያህ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፣ ካልያዘ ባለበት ይቀራል። ከአሥረኛው ደረጃ ወዲያ ግን ካልያዘ ይሰበራል፤ የዓመት ድካም ብን ብሎ ይጠፋል። ከመቶ ስንቱ እንደሚይዝ ኩባንያው ለማንም አይናገርም ነበር። ሰው ደግሞ ያላወቀውን ነገር በገድና በሟርት ይሞላዋል። አንዱ ጨዋታው ውስጥ ካለ ድልድይ ራስ ላይ ካልቆመ አይጫንም። ሌላው መዓቱ በእነሱ ይለቅ ብሎ መጀመሪያ ሦስት የማይረቡ ቢላዎች ይሰብራል። መርከብ ቀቢው ሽማግሌ ሚስቱ ባኮረፈችበት ቀን ጭራሽ አይሞክርም። ኦክቡን ከሁሉም ባሰች። እጇን በጨው ውኃ ታጥባ፣ ዕድሉ እንዲጣበቅ የእህል ከረሜላ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ትጫናለች። ከረሜላውን የምሸጥላት እኔው ነበርኩ። እያንዳንዱን ሙከራ ከነሰዓቱ በልክ መውሰጃ ደብተሯ ጀርባ ትጽፋለች። በምትሞክርበት ቀን የባሕር ቅጠል ሾርባ በአፏ አይዞርም፤ ቅጠሉ ስለሚያሟልጭ ዕድልን ያዳልጣል ይባላል፣ ፈተና ያለበት ተማሪ እንኳ አይነካውም።

አንድ ቀን ልደቷ ሆነና ቾልጉ ያንኑ ሾርባ በገዛ እጁ ሠርቶ በድስት ይዞላት መጣ። እኛ ዘንድ ያለዚህ ሾርባ ልደት ልደት አይባልም። እምቢ ማለት ከብዷት ጠጣችው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ዓመት የደከመችበትን ቀስት ወደ አሥራ አንድ ለማውጣት ተጫነች፤ ተሰበረ።

አልጮኸችም። ወንበሯን ወደ ወንድሟ አዞረችና፣ «ገደ ቢስ ነህ። ባሌንም ሆስፒታል የወሰድከው አንተ ነህ፤ በሕይወት አልመለስከውም» አለችው።

ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰማ። ቾልጉ ድስቱን አንሥቶ ወጣ። በዚያው ወር ግዮጄ ደሴት፣ መርከብ መሥሪያ ውስጥ ሥራ አገኘና ሄደ። ሦስት ዓመት በዓመት መባቻ እንኳ አልተደዋወሉም። እሷ ከዚያ ወዲህ ሌት ተቀን እየተጫወተች ሌሎች አራት ቀስቶች ሠርታ፣ አራቱንም እዚያው አሥራ አንድ ላይ ሰበረቻቸው። አንዱን በዝናቡ አሳበበች፣ አንዱን በእኔ ስልክ መጮኽ።

ከዚያ ሕግ ወጣና የጨዋታ ኩባንያዎች የዕድሉን ቁጥር እንዲገልጹ ተገደዱ። የዚህ ጨዋታ ባለቤቶችም አንድ ማስታወቂያ ለጠፉ። በስህተት ምክንያት፣ ይላል፣ ቀስት ከአሥር ወደ አሥራ አንድ የመውጣት ዕድሉ ለአራት ዓመት ዜሮ ነበር። ማካካሻ ይሁን ብለው ለየተጫዋቹ ጨዋታው ውስጥ ቁስል የሚያድን ጥቂት ጠርሙስ መድኃኒት ሰጡ። እኔ ነኝ ያነበብኩላት።

«ዜሮ ስትል፣ በጣም ትንሽ ማለትህ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፣ እትዬ። ማንም ቢጫነው አይይዝም ነበር።»

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ፊቷ ግን እንደ ፍም ቀላ። በማግስቱ ሱቋን ዘግታ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ወደ ሴኡል የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ኩባንያው በር ላይ ሌሎች ተጫዋቾች መፈክር ይዘው ቆመዋል። ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ወጥቶ እጅ ነሳ።

«ደንበኛችን፣ ለደረሰብዎ መጉላላት ከልብ እናዝናለን። ስጦታው ገብቶልዎታል።»

«ስጦታህን ለራስህ ያዘው። በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አሥራ አንድ አለመድረሱን ከእናንተ መሃል ያየ አልነበረም?»

«ጥያቄዎን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ።»

«እኛ እጃችንን በጨው ስንታጠብ እናንተ ቁጥሩን ታውቁት ነበር። ወንድሜን ገደ ቢስ ብዬ አባርሬዋለሁ። እሱን የሚመልስልኝ የትኛው ክፍል ነው?»

ልጁ አቀርቅሮ፣ ሥራ ከገባ ገና ስድስት ወሩ እንደሆነ ነገራት። እንግዲያው ያየውን ሰው አውርድልኝ አለችው። እስከ ማምሻው ቆምን፤ የወረደ ሰው የለም። በማታው አውቶቡስ ተመለስን።

በሳምንቱ ብቻዋን ግዮጄ ሄደች። የሆነውን ኋላ ነው የነገረችኝ። በምሳ ሰዓት የመርከብ መሥሪያው በር ላይ ጠብቃ ማስታወቂያውን ለቾልጉ አሳየችው። አስቀድሞ አንብቦታል።

«ቁልፉ ዜሮ ነበር፤ እሺ» አላት። «ዜሮ ባይሆን ኖሮስ? ያን ጊዜ ልክ ነበርሽ ማለት ነው?»

መንገድ ላይ የምታስበው ስለ ኩባንያው ብቻ ነበር፤ ይህን አልጠበቀችም። ሠራተኛው በአጠገባቸው ሲያልፍ ማስታወቂያውን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ቀስቱን የሰበሩት እነሱ ናቸው» አለችው። «ያንን ቃል ግን እኔ ነኝ የተናገርኩት።»

እሱም ንዴቱን አልደበቀም። አማቹን ወደ ሆስፒታል ይዞ ሲከንፍ ቀይ መብራት ሁሉ ጥሶ እንደነበር፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለዚያ መንገድ ሲያስብ እንዳደረ ነገራት። ከዚያ የምሳ ሰዓቱ አለቀና፣ እሑድ ደውይ ብሏት ገባ።

ጨዋታውን ከዚያ ወዲህ አልከፈተችም። ከሌሎቹ ጋር ክስ ላይ ፈርማለች፤ ጉዳዩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። በየወሩ ለኩባንያው፣ ቁጥሩን አይቶ ዝም ያለውን ሰው ስም ንገሩኝ የሚል ደብዳቤ ትጽፋለች። ልብስ እየጠገነች ሳለ ስለዚያ ሰው ካነሣሁባት መርፌው እጇ ውስጥ ይቆማል። እሑድ እሑድ ለቾልጉ ትደውላለች። አንዳንዴ ያወራታል፣ አንዳንዴ ሥራ ላይ ነኝ ይላታል።